ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ

እህቴ የደወለችልኝ ጥር ውስጥ ነው፤ ገና ጥምቀት ሳይደርስ። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ አልጨረስንም። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል። አንዱን ንገረኝና ልረፍ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ንዴት ብቻ አልነበረም። ፍርሃትም ነበረበት።

ልጇ 17 ዓመቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የሚኖሩት ግንፍሌ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ እሱ፣ እናቱና አያቱ አሉ። አያቱ የእኔና የእህቴ እናት ናት። ይህን የምጽፈው ልጁ ፈቅዶልኝ ነው። ረቂቁን አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ አርሞኛል። ስሙን ግን ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ማታ አይተኛም፤ ጠዋት ደግሞ አይነሳም። እናቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትቀሰቅሰዋለች። መጀመሪያ በስሙ ትጠራዋለች። ቀጥላ ብርድ ልብሱን ትገፋለች። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል። ልጁ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አንዱን ካልሲ ያደርጋል። ሁለተኛውን በእጁ እንደያዘ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ካልሲው ከእጁ አልወደቀም።

ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። እዚያም ዴስኩ ላይ ይተኛል። ሁለት ጊዜ ከክፍል ተባረረ። በመጨረሻ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። እህቴ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። «ልጅሽ ፍላጎት የለውም» ብለው ሸኟት።

እኔ ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስንቱን የሚያንቀላፋ ተማሪ «ፊትህን ታጥበህ ና» ብዬ እንደላክሁ አሁን ሳስበው ይከብደኛል። ስለዚህ የእህቴን ጥያቄ ቶሎ መመለስ አልፈለግሁም። ሄጄ ሁለት ሌሊት እነሱ ጋ አደርኩ።

በመጀመሪያው ሌሊት ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ መኝታው ሊሄድ ሲነሳ የእናታችን በር ተከፈተ። እናታችን ማታ 2 ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ 9 ሰዓት ላይ ዓይኗ ይከፈታል፤ ከዚያ ጸሎቷን ታደርሳለች። ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። እሱ «ደህና እደሪ እማማ» አላት። እሷ «እንዴት አደርክ ልጄ» አለችው። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው። ለእሱ ማታ ነው፤ ለእሷ ነግቷል። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ኮሪደር ላይ፣ ሁለት የተለያየ ሰዓት።

በማግስቱ ልጁን አቅራቢያችን ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪሟ ታኮርፋለህ ወይ፣ ትጨነቃለህ ወይ፣ ጫት ትሞክራለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ብቻውን ነው ያነጋገረችው፤ ይህ ጥሩ ነው። ደም ማነስ እንዳለበትም ተመረመረ። ምንም አልተገኘም። እንዲህ ያለ ምርመራ መዝለል አያስፈልግም። ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሁሉ ችግሩ ሰዓት ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ደብተር ሰጠሁት። ግማሹ የተጻፈበት የሒሳብ ደብተር ነው። ከኋላ ጀምሮ ሦስት አምድ አሰመረ፦ አልጋ የገባበት፣ እንቅልፍ የወሰደው ሲመስለው፣ የነቃበት። ለሁለት ሳምንት ሞላው። በትምህርት ቀን አልጋ የሚገባው 5 ሰዓት ላይ ነው፤ እናቱ ስለምታስገድደው። እንቅልፍ የሚወስደው ግን 9 ሰዓት አካባቢ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ያድራል፤ ሲመረው ተነስቶ ያነባል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቀሳል። ሦስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ማለት ነው። ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ያኔም እንቅልፍ የሚወስደው 9 ሰዓት ላይ ነው። ማንም ካልነካው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በራሱ ይነቃል። ስምንት ሰዓት፣ ሳይቆራረጥ። ሲነሳም ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው።

ለእህቴ ያሳየኋት ይችን የቅዳሜ መስመር ነው። ልጁ እንቅልፍ አያጣም። ሲተኛ እንደማንም ሰው ይተኛል። የተበላሸው እንቅልፉ አይደለም፤ እንቅልፉ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሰነፍ ሰው የሚለይበት መንገድ ካለ ይህ አይደለም።

ይህን ሰዓት የምትይዘው ስፍራ በጣም ትንሽ ናት። የሁለቱ ዓይን ነርቮች አንጎል ውስጥ ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ ትገኛለች። ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክለስ ትባላለች። 20,000 ገደማ የነርቭ ህዋሳት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ አንድ ዙር አለ። ጂኑ ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑ ሲጠራቀም ተመልሶ የራሱን ጂን ዝም ያሰኛል፤ ፕሮቲኑ ፈርሶ ሲያልቅ ጂኑ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ዙሩ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ይህን በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽ እና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት።

«ገደማ» ያልኩት በምክንያት ነው። የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት በትንሹ ያልፋል፤ በአማካይ በ10 ደቂቃ አካባቢ። ማንም ካላስተካከለው በየቀኑ እየዘገየ ይሄዳል። ሚሼል ሲፍር የሚባል ፈረንሳዊ በ1962 እ.ኤ.አ. ሰዓት ሳይዝ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሁለት ወር ቆየ። ሲያወጡት ቀኑ መስከረም 14 ነበር፣ በእነሱ አቆጣጠር። እሱ ግን ገና ነሐሴ 20 መስሎት ነበር። ፀሐይ ያላየ ሰው ቀኑ ይጠፋበታል።

የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ብቻ ለዚያች ስፍራ ለመንገር የተሠሩ ህዋሳት አሉ። ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም ይይዛሉ። በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይነካቸዋል፤ የጠዋት ሰማይ የሞላው እሱ ነው፤ የስልክና የኤልኢዲ አምፖል ብርሃንም ከዚያው አለበት። ማታ ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይፈስሳል፤ ሰውነት «መሽቷል» የሚለውን ወሬ የሚሰማው በእሱ ነው። ብርሃን ሲመጣ ይቆማል።

እዚህ ላይ ስለ ሀገራችን አንድ ነገር ልበል፤ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ነው። 12 ሰዓት ላይ ይነጋል፤ 1 ሰዓት ብለን እንጀምራለን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለች። የአውሮፓ ሰው በክረምቱ ጠዋት በጨለማ ወደ ሥራ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ጠዋት ሁልጊዜ ጠዋት ነው። የውስጥ ሰዓትን ለማስተካከል ከዚህ የተሻለ ከተማ የለም ብል አላጋነንኩም። ግን ብርሃኑን ለማግኘት ከቤት መውጣት ያስፈልጋል።

ልጁ ደግሞ አይወጣም ነበር። ከትምህርት 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል። ይተኛል፤ እስከ 11 ሰዓት። ክፍሉ ወፍራም መጋረጃ አለው። ከመንገዱ ማዶ አዲስ መብራት ስለተተከለ እናቱ ናት የገዛችው፤ ማታ ብርሃኑ አልጋው ላይ ይወድቅ ነበር። መጋረጃው ማታ ይጠቅማል። ጠዋት ግን ተዘግቶ ይቀራል፤ ክፍሉ የሲፍር ዋሻ ይሆናል። ማታ ደግሞ ሳሎን ቴሌቪዥን አለ፣ እንግዳ አለ። ቤቱ ጸጥ የሚለው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ልጁ የሚያጠናው ያኔ ነው፤ ራሱ ላይ በበራ ነጭ አምፖል ሥር። ስልኩም አለ። ይህ ሁሉ ለውስጥ ሰዓቱ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይለዋል።

ዕድሜውም አለ። በጉርምስና ሰዓቱ በተፈጥሮ ይዘገያል፤ እስከ 20 ዓመት አካባቢ እየዘገየ ሄዶ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቀደመው ይመለሳል። እርጅና ላይ ደግሞ ይቀድማል። ኮሪደሩ ላይ የተገናኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቡናውን መርሳት የለብኝም። እናታችን ቡና የምታፈላው 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ከእንቅልፉ ይነሳና አቦሉንም ቶናውንም ይጠጣል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይከማቻል፤ ድካም የሚሰማን በእሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ይይዝበታል። ድካሙ አለ፤ አይሰማም። የጠጣነው ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ ደግሞ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 11 ሰዓት የተጠጣው ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ። ይህን ለልጁ ስነግረው ደብተሩን አየ፣ 9 ሰዓት የሚለውን። ከዚያ አያቱን አየ።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ስህተት ነበር። «የጠዋት ብርሃን ነው የሚያስፈልገው» አልኩ። እናታችን በየጠዋቱ ሥላሴ ኪዳን ትሄዳለች። «አብሯት ይሂድ፣ 12 ሰዓት ላይ» አልን። ለአንድ ሳምንት ሄደ። እየተደናቀፈ፣ ነጠላዋን ይዞላት፣ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ተደግፎ እየቆመ። አንድም ቀን አላማረረም። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ሳይ እንቅልፍ የሚወስደው 9 ሰዓት ሳይሆን 9 ሰዓት ከ40 ላይ ሆኗል። አባስንበት።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሌሊት ቁጭ አልኩ። ብርሃን ሁልጊዜ ሰዓቱን አያስቀድምም። ሰውነታችን ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በጣም የሚቀዘቅዝበት ነጥብ በራሳችን ከምንነቃበት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ነጥብ በኋላ የመጣ ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድማል። ከዚያ በፊት የመጣ ብርሃን ግን ያዘገያል፤ አንጎል የምሽት ብርሃን አድርጎ ነው የሚቆጥረው። 1 ሰዓት ላይ ለሚነቃ ሰው ነጥቡ ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ግን በራሱ የሚነቃው 5 ሰዓት ነው። ነጥቡ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ላይ ነው። 12 ሰዓት ለእናታችን ጠዋት ነው። ለእሱ ግን ገና ውድቅት ነበር። በእሱ ሌሊት መካከል ብርሃን አበራንበት። ደክሞት ከሰዓት በኋላ የሚተኛውም ረዝሞ ነበር፤ እሱም የራሱን ድርሻ ሳይጨምር አልቀረም።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔኮ ከእማማ ጋር መሄዱ ደስ ብሎኛል» አለኝ።

ሁለተኛው ሙከራ የተጀመረው የሴሚስተሩ እረፍት ሲመጣ ነው። ይህ ዕድል ነው፤ ትምህርት ቤት ቢኖር አይሆንም ነበር። ለማስተኛት አልታገልንም። ማንም ሰው በትእዛዝ አይተኛም። የያዝነው መነሻውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ፤ ከለመደው ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀደም ብሎ። ፊቱን ታጥቦ ወዲያው ይወጣል። ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎ ሙዚየሙን አልፎ፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ደርሶ ይመለሳል። መነጽር የለም፣ ኮፍያ የለም። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀነስን። 4 ሰዓት፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ 3 ሰዓት። በደመናማ ቀን እንኳን ደጅ ያለው ብርሃን ሳሎን ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ብናገኝ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ይደርሳል።

ማታ ደግሞ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ የክፍሉ ነጭ አምፖል ይጠፋል። ትንሽ ቢጫ የጠረጴዛ መብራት ይበራል። ስልኩ እናቱ ጋ ያድራል። ይህኛው ከባድ ነበር፤ ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል። ጠዋት መጋረጃው ይከፈታል። የከሰዓት እንቅልፉ ቀረ። በጣም ሲከብደው 20 ደቂቃ፣ የስልክ ማንቂያ ሞልቶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት።

ቡናው ግን እንደ ፈራሁት አልሆነም። እናታችን «እኔ ልጄ ሳይኖር ቡና አላፈላም» አለች። ከዚያ ራሷ መፍትሔ አመጣች። ቡናው ወደ 8 ሰዓት ተዛወረ። ከፎቁም ከጎረቤትም የሚመጡት ሁሉ ተነገራቸው። አንዷ ጎረቤት «ለልጁ ፈተና ነው?» ብላ ጠየቀች። «ለእንቅልፉ ነው» አለች እናታችን። ጎረቤቶቿም እሺ ብለው በ8 ሰዓት መምጣት ጀመሩ። ከሁሉም በላይ የነካኝ ይሄ ነው። አንድ ልጅ እንዲተኛ ፎቁ ሁሉ ሰዓቱን ቀየረለት።

በደብተሩ ላይ መጀመሪያ ለውጥ የታየው አምስተኛው ቀን ላይ ነው፤ እንቅልፍ የወሰደው 8 ሰዓት ከሩብ። ስድስተኛው ቀን ተመልሶ 8 ሰዓት ከ50። ዘጠነኛው ቀን 7 ሰዓት። አሥራ አራተኛው ቀን ላይ እኩለ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ትምህርት ሲከፈት መነሻውን ገና 1 ሰዓት ያህል ማስቀደም ይቀረን ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አስቸጋሪ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ሒሳብ ላይ አንቀላፍቷል። ከዚያ በኋላ ግን 5 ሰዓት ከሩብ ላይ እየተኛ 12 ሰዓት ከ40 ላይ መነሳት ያዘ። ሰባት ሰዓት ተኩል አይሞላም። በእሱ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ይጎድላል። ግን ከሦስት ሰዓት ተኩል ነው የመጣው።

ፋሲካ ላይ ተበላሸ። የትንሣኤ ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። 9 ሰዓት ላይ ተመልሰው ዶሮው ተበላ። ልጁ 11 ሰዓት ላይ ተኝቶ እኩለ ቀን ላይ ተነሳ። ማንም አልተቆጣውም፤ በዓል ነው። ሰኞ ማታ እንቅልፉ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አልመጣም። እህቴ ደነገጠች። ልጁ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ማክሰኞ 2 ሰዓት ላይ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ደርሶ መጣ። ረቡዕ 1 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ወደ ቦታው ተመልሷል። ማንም አልቀሰቀሰውም።

«ፍላጎት የለውም» ያለው መምህር ምን እንዳለ ጠይቄው ነበር። «ምንም አላለም፤ ግን ባለፈው ሰሌዳ ላይ አስወጥቶ አሠራኝ» አለኝ።

እናታችን አሁንም 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ኮሪደሩ ላይ የምታገኘው ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ «የልጁን አያችሁለት። የእኔንስ ሰዓት ማን ይይልኝ?» አለችኝ። የእሷ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። ብርሃኑ የሚያስፈልጋት ማምሻውን ነው፤ ሰዓቷን ትንሽ እንዲያዘገይላት። ከ11 ሰዓት ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ በረንዳው ላይ፣ ወደ ምዕራብ ዞራ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ልጁ ትምህርቱን ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። ከደብተሩ መጨረሻም አዲስ ገጽ አስምሮላታል። የመጀመሪያው መስመር በእሱ እጅ እንዲህ ይላል፦ «እማማ፦ ተኛች 2:10፣ ነቃች 9:05።»